«ይሄማ ኤክሴል ነው!»

ባለፈው ክረምት ሐዋሳ ላይ ስድስት ፕሮግራመሮችን አሰልጥኜ ነበር። ጀማሪ የሚባል የለም፤ በፒኤችፒና በጃቫ የቆዩ ናቸው። አንደኛውን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። እኔ ሃይስኩል ሳለሁ እሳቸው ኮድ ጽፈው ቤተሰብ ያስተዳድሩ ነበር። የተፈለገው፣ ሪአክት በሚባለው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ የተሠራ አንድ አፕ ኮምፒውተርም አንድሮይድም አይፎንም ላይ እንዲሠራ ነው።

ሁለት ቀን በስላይድ አባከንኩ። ፈንክሽን ምንድን ነው እያልኩ! ለእነሱ ይሄ ስድብ ነው። ከምሳ በኋላ ግማሾቹ ስልካቸው ላይ ነበሩ።

በሦስተኛው ቀን ስላይዱን ዘግቼ ሥራ ሰጠኋቸው፦ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ላይ ዓሣ የሚያወርዱ ሰዎች የቀኑን ኪሎ የሚመዘግቡበት አፕ። ኔትወርክ ቢጠፋም መመዝገብ አለበት። ችግሩ የታየኝ ያኔ ነው። ጄኪዌሪ የሚባለው የቆየ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ በ2006 እ.ኤ.አ. ከወጣ ጀምሮ ስክሪኑ ላይ ያለውን ነገር ፈልጎ በእጅ መቀየር ልማድ ሆኗል። ጋሼም ኪሎ በተመዘገበ ቁጥር ድምሩን ራሳቸው ሄደው ይጽፉታል። አንዱን ቦታ ረሱና ከላይ 12 ኪሎ፣ ከታች 9 ኪሎ ሆነ።

ላፕቶፑን አዘግቼ ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ጻፍኩ፦ የትኛው ይቀመጣል፣ የትኛው ይሰላል? የዓሣው ዝርዝር ይቀመጣል። ድምሩ አይቀመጥም፤ ከዝርዝሩ ይሰላል። ዝርዝሩ ሲቀየር ስክሪኑን ማደስ የሪአክት ሥራ ነው። ጋሼ ትንሽ ዝም ብለው አዩና፣

«ይሄማ ኤክሴል ነው! አንተ ልጅ፣ መጀመሪያውኑ እንዲህ አትልም?»

እውነታቸውን ነው። ሁለቱ ቀን የባከነው ከሚያውቁት ስላልተነሳሁ ነው።

ያለ ኔትወርክ የሚሠራው ክፍል ግን እኔኑ አዋረደኝ። ሰርቪስ ወርከሩ፣ ማለትም ከጀርባ ሆኖ ኔትወርክ ሲጠፋ አፑን የሚያሠራው ኮድ፣ ላፕቶፕ ላይ ሰላም ነው። ስልኮቹን በዋይፋይ ወደ ላፕቶፑ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻው) ስንልካቸው ጭራሽ የለም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ኮዱን ስንወቅስ ቆየን። ለካ ብሮውዘር ሰርቪስ ወርከርን የሚፈቅደው በኤችቲቲፒኤስ፣ በተመሰጠረው ግንኙነት ነው፤ ሎካልሆስትን፣ መሣሪያው ራሱን የሚጠራበትን አድራሻ፣ ብቻ ይምራል። ተራ አይፒን አያውቅም። አንድሮይዶቹን በዩኤስቢ አገናኝተን በክሮም የስልኩን ፖርት (የግንኙነት በሩን) ወደ ላፕቶፑ አዞርን፤ ስልኩ ላፕቶፑን ሎካልሆስት ነው ብሎ አመነ። ለአይፎኑ ይሄ ስለማይሆን ሰርተፊኬት ያለው ሰርቨር ላይ ጫንነው። አሁን ቢሆን ይሄን በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ነው የማሳየው።

የቀረን ቀኑ ነበር። የብሮውዘሩ የቀን መምረጫ ፈረንጅኛ ነው፤ ዓሣ አስጋሪው የሚያውቀው ሐምሌን ነው። ጃቫስክሪፕት ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ማሳየት ይችላል፤ ማስገቢያውን ግን ራስህ መሥራት አለብህ። በኩራት ሠራሁት። ጋሼ የወሩን ዝርዝር ወደ ታች ስበው ቆጠሩት። 12።

«ጳጉሜ ላይ ዓሣ አይጠመድም እንዴ?»