መልስ የሚያገኝ ኢሜይል

የላኩት ኢሜይል መልስ ሲያጣ ተቀባዩን መውቀስ ይቀናናል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የጽሑፉ ነው፤ አንባቢው የተጠየቀውን ለማግኘት እስከ አራተኛው አንቀጽ መውረድ ነበረበት።

ጥያቄው ከሰላምታው ቀጥሎ ይምጣ። «የተያያዘውን ረቂቅ ተመልክተው አስተያየትዎን ቢልኩልኝ» ለጨዋነቱ ጨዋ ነው፤ ተቀባዩ ግን ሙሉውን ያንብብ ወይስ የፊደል ግድፈት ይልቀም አያውቅም። «ገጽ 4 ላይ ያለው የበጀት ሠንጠረዥ ትክክል መሆኑን እስከ ሐሙስ ጥቅምት 13 ቢያረጋግጡልኝ፤ ዓርብ ጠዋት ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል» ቢባል ግን ሥራው ተለክቶ ተሰጥቷል። ምክንያት የሌለው ቀነ ገደብ ትእዛዝ ይመስላል። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ካልደረሰለት አስቀድሞ ይናገራል። ቀኑንም በቁጥር ይጻፉት፤ «ነገ» ያሉት ኢሜይል በማግስቱ ከተከፈተ ሌላ ቀን ይሆናል።

ሦስት ጥያቄ ካለዎት ቁጥር ይስጧቸው። በአንድ አንቀጽ ከታጨቁ አንዱ ይመለስና ሁለቱ ይረሳሉ።

ርዕሱ ላይ «ሰላም» ወይም «አስቸኳይ» ብሎ መጻፍ ባዶ ከመተው ብዙም አይሻልም። ስልክ ላይ የርዕሱ መጀመሪያ ብቻ ስለሚታይ ዋናው ቃል ይቅደም፦ «የበጀት ሠንጠረዥ ማረጋገጫ፣ እስከ ጥቅምት 13»። በአሮጌ ኢሜይል ላይ መልስ ብለው አዲስ ጉዳይ አይጀምሩ፤ ከወር በኋላ ሲፈለግ አይገኝም።

ብዙ ቅሬታ የሚወልደው ሲሲ (CC) ነው። «ለ» የሚለው ቦታ ሥራው ለሚመለከተው፣ ሲሲ ደግሞ እንዲያውቅ ብቻ ለሚፈለግ ሰው ነው። የተቀባዩን አለቃ ሲሲ ማድረግ ቃሉ የቱንም ያህል ቢለሰልስ ክስ ሆኖ ይነበባል፤ የግድ ከሆነ ለምን እንደተጨመሩ በአንድ መስመር ይግለጹ። ቢሲሲ (BCC) የገባበት ሰው ለሌሎቹ ተቀባዮች አይታይም፤ ለማይተዋወቁ ብዙ ሰዎች ሲላክ አድራሻቸውን ይሸፍናል። ሦስተኛ ሰው በስውር ለማስነበብ ግን አይመከርም፦ ያ ሰው «ለሁሉም መልስ» የሚለውን ከተጫነ ምስጢሩ ወጣ።

አባሪ ፋይል በኢሜይል ለመላክ ወደሚመች መልክ ሲቀየር መጠኑ በአንድ ሦስተኛ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ገደቡ 25 ሜጋባይት የሆነ ሰርቨር የ20 ሜጋባይት ፋይል ሊመልስ ይችላል፤ ለትልቅ ፋይል ሊንክ ይሻላል፣ የመክፈት ፈቃዱን ግን አስቀድመው ይፈትሹ።

ፋይሉን መጀመሪያ ያያይዙ፣ ከዚያ ይጻፉ፣ ያንብቡ፤ የተቀባዩን አድራሻ መጨረሻ ላይ ያስገቡ። አድራሻ የሌለው ረቂቅ በስሕተት አይሄድም፣ በተለይ በንዴት የተጻፈ። ጂሜይል ላይ የተላከን ኢሜይል የማስቀሪያ (Undo Send) ጊዜ ከ5 ሰከንድ ወደ 30 ማሳደግም ይቻላል።

መልስ ከዘገየ «ከላይ የላክሁትን ይመልከቱ» አይበሉ። በዚያው ኢሜይል ላይ መልስ ብለው ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንደገና ይጻፉት።