ግጭ ላይ የከሳው ኮከብ

ስቶክሆልም እየኖሩ ኮከብ ማየት መውደድ ዕዳ ነው። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ሌሊቱ ከነጭራሹ አይጨልምም። በሰኔ እኩለ ሌሊት እንኳ ፀሐይ ከአድማስ በታች ሰባት ዲግሪ ያህል ብቻ ዝቅ ብላ፣ በሰሜን በኩል ተሹለክልካ ትመለሳለች። ብርዱ ሲመጣ ጨለማው ይትረፈረፋል፤ ያኔ ደግሞ ደመናው እንደ ድስት ክዳን ይገጠማል። ስለዚህ በ2012 ታኅሣሥ ላይ ትንሿን ቴሌስኮፔን በልብስ ጠቅልዬ አገር ቤት ገባሁ። እናቴን «አንቺን ላይ ነው የመጣሁት» አልኳት። በአራተኛው ቀን ወደ ጎንደር ስበር ምንም አላለችም፤ ዝምታዋን ግን አውቀዋለሁ።

ደባርቅ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ጽሕፈት ቤት ወረቀት ጨርሼ፣ አስጎብኚ፣ በቅሎና ስካውት (ጠመንጃ የያዘ የፓርክ ጠባቂ) ይዤ ወጣሁ። ሳንቃበር ያደርኩበት ሌሊት ጉም ስለነበር የሚወራ የለውም። በማግስቱ ግጭ ደረስን። ከባሕር ጠለል በላይ 3,600 ሜትር ነው፤ ጓሳና ጅብራ የበዛበት ሜዳ። እዚያ ከፍታ ላይ የከባቢ አየሩ አንድ ሦስተኛ ያህል ከእግር በታች ቀርቷል። ለትንፋሽ መከራ፣ ለኮከብ በረከት።

ጨረቃ የምትወጣው ሊነጋ ሲል ነበርና ሌሊቱ የእኔ ነው ብዬ ገና በጊዜ ተዘጋጀሁ። ጀንበር 12 ሰዓት ከ10 ገደማ ጠለቀች። ሁሉም ወደ ምዕራብ ሲያይ እኔ ጀርባዬን ሰጠሁ፤ ምክንያቱም የማመሻው ቁም ነገር በምሥራቅ ነው። ከተራሮቹ በላይ ዳመና የመሰለ ግራጫ ሰማያዊ ነገር ቀስ እያለ ይነሳል፤ ከላዩ ሮዝ መቀነት ታጥቋል። የምድር ጥላ ነው። የቆምንባት ምድር በገዛ አየሯ ላይ የምታጠላው ጥላ። ስካውቱ ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ «እሱንማ ከብት ስንመልስ ማታ ማታ እናየው የለ» አሉኝ።

ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ሰዓቱን እየመዘገብኩ ነበር። 12፡15፦ ቬነስ ታየች። ሲነጋ የአጥቢያ ኮከብ የምንላት፣ ያን ሰሞን በማታ ተራዋ ነበረች። 12፡33፦ የራሴን ጽሑፍ ማንበብ አቃተኝ፤ ፀሐይ ስድስት ዲግሪ ወርዳለች ማለት ነው። አንድ ሰዓት ላይ የሸንተረሩ ጠርዝ ከሰማዩ ጋር ተዋሃደ፤ አሥራ ሁለት ዲግሪ። አሥራ ስምንት ሲሞላ፣ ማለትም 1፡25 አካባቢ፣ የመጨረሻው ወጋገን መጥፋት አለበት። ከመጥለቂያው እስከዚያ የሚፈጀው አንድ ሰዓት ከሩብ ብቻ ነው። ስቶክሆልም በዚያው ወር ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ እዚያ ፀሐይ በአግድመት ተንሸራታ ስትወርድ እዚህ ቀጥ ብላ ስለምትሰምጥ ነው። የእኛ አገር ሰው «መሸ» ሲል በአንድ ቃል የሚገላገለው ለዚህ ይመስለኛል።

ግን 1፡25 አለፈ፣ 1፡40 ሆነ፣ ወጋገኑ አልጠፋ አለ። በምዕራብ እንደ ጎጆ ጣሪያ የሾለ ደብዛዛ ብርሃን ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ቬነስ መሐሉ ተሰክታለች። ሰዓቴን ጠረጠርኩ። ቆይቶ ነው የገባኝ፦ የምሽት ብርሃን አይደለም፣ በፕላኔቶች መካከል የተበተነ አቧራ ፀሐይን ሲያንጸባርቅ ነው። ዞዲያካዊ ብርሃን ይሉታል። ስቶክሆልም ስንት ዓመት ፈልጌው አጥቼዋለሁ፤ እዚህ ሳልፈልገው መጥቶ ሰዓቴን አሳማው።

ቴሌስኮፑ ግን አሳፈረኝ። ቀኑን ሙሉ በቅሎ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ መስታወት እንደ ምጣድ ነው፤ የራሱ ሙቀት አየሩን ስለሚያናውጠው ያየሁት ኮከብ ሁሉ ይንተከተክ ነበር። ለአንድ ሰዓት ያህል ውጭ ትቼው ቆሎ በላሁ። ከዚያ ደግሞ ትንፋሼ መመልከቻው ላይ ጤዛ ሆነ። ታች ሸለቆው ውስጥ የማድቤቶች ጢስ ተኝቷል፤ ሲመሽ ቀዝቃዛው አየር ወደ ታች ስለሚወርድና ሞቃቱ ከላይ ስለሚከድነው፣ ጢሱ በቢላ የተቆረጠ ይመስል አናቱ ዝርግ ነበር። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 13 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ፣ ደክሞት የተቀመጠ ይመስላል። ስቶክሆልም አንገቴን ሰብሬ ነው የማየው።

ሁለት ሰዓት ላይ ሲሪየስ በምሥራቅ ብቅ ብሎ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እየሆነ ሲቁለጨለጭ ስካውቱ «ነገ ነፋስ ነው» አሉ። (በማግስቱ ቅጠል አልተነቃነቀም። ኮከቡን የሚያንቀጠቅጠው ነፋስ ብዙውን ጊዜ ከእኛ በጣም ከፍ ብሎ የሚነፍሰው ነው።) እኔ ግን ዓይኔ የተያዘው በኦሪዮን ነበር፣ ስሙ በመጽሐፈ ኢዮብ በተነሣው፣ ሰው በሚመስለው የኮከቦች ስብስብ። ትከሻው ላይ ያለው ቀዩ ቤተልጌዝ ደብዝዟል። ሌላኛው ትከሻ፣ ቤላትሪክስ፣ ሊደርስበት ምንም አልቀረው።

«ጋሼ፣ ያ ቀዩ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። «አምና እንዲህ አልነበረም። ከስቷል።»

«አየሩ ነው። ገና ዝቅ ብሏል፤ ወደ አድማስ ሲጠጉ ብርሃኑ ብዙ አየር አቋርጦ ነው የሚመጣው። ጢሱም አለ።»

«አየሩ ከሆነ፣ ልጄ፣ ጎረቤቱ ለምን አልከሳም?»

መልስ አልነበረኝም፤ ግን ሰበብ አላጣሁም። እስከ እኩለ ሌሊት ጠበቅሁ። ጋቢዬ ላይ አመዳይ ተጋግሮ፣ ጣቶቼ እርሳስ መያዝ ሲያቅታቸው ኦሪዮን አናቴ ላይ ደረሰ፤ አየሩ ከዚያ በላይ ሊሳሳ አይችልም። በደቡብ በኩል፣ ስቶክሆልም ላይ ፈጽሞ የማይወጣው ካኖፐስ የተባለው ኮከብ ረጋ ብሎ ያበራል። ቤተልጌዝ ያው ነው። ዓይኔ ነው አልኩ፤ ከፍታ ላይ ኦክስጅን ሲያንስ የጨለማ እይታ እንደሚደክም አንብቤአለሁ። ሁለቱ ትከሻዎች በአንድ ዓይን፣ በአንድ ደቂቃ እንደሚታዩ እያወቅሁ ደብተሬ ላይ «ቤተልጌዝ፦ ደብዛዛ፣ በጭጋግ» ብዬ ጻፍኩና ድንኳኔ ገባሁ። 11 ሰዓት አልፎ ተነስቼ የደቡብ መስቀልን ሳይነጋጋ አየሁት፤ እሱ ሌላ ታሪክ ነው።

ጥር ላይ፣ ስቶክሆልም ተመልሼ ባቡር ውስጥ ስልኬን ስከፍት ወሬው ሁሉ ቤተልጌዝ ሆኖ ጠበቀኝ። ከኅዳር ጀምሮ ሲደበዝዝ ከርሟል፤ የካቲት ላይ ይበልጥ ወረደና በሚያዝያ መልሶ ደመቀ። ኋላ እንደተረዳሁት ኮከቡ ከራሱ ያወጣው ጋዝ ቀዝቅዞ አቧራ ሆነና በእኛ በኩል ጋረደው። ጭጋግስ ነበር፤ ግን እዚያው ኮከቡ ዘንድ፣ ከ500 ብርሃን ዓመት በላይ ርቆ። የሥነ ፈለክ ባለሙያዎቹም ያወቁት ከጎረቤቶቹ ጋር እያነጻጸሩ ነው።

ለአስጎብኚው ደውዬ ለጋሼ እንዲነግርልኝ ለመንኩት። ከሳምንት በኋላ መልሳቸውን አመጣልኝ፦ «ታዲያ አሁን ተሻለው ወይ?»