ሁለት ጊዜ መግቢያ

በሰሜን ዋልታ አቅጣጫ ወዳሉት የስቫልባርድ ደሴቶች ለምርምር የሚሄድ የአገሬ ሰው ጥቂት ስለሆነ አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ አይገኝም። ስለ ብርዱና ስለ ድቡ ሁሉም ይነግራችኋል። ከሥራዬ ላይ 18 ቀን የበላችብኝ ግን ፓስፖርቴ ውስጥ በተለጠፈው ወረቀት ላይ የነበረች አንዲት ቁጥር ናት።

የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን የሠራሁት ወደ አባይ በሚገቡ ወንዞች ደለል ላይ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት (የእኛ ክረምት የእነሱ በጋ ነው) ከበረዶ ግግር ሥር የሚወጣ ወንዝ ምን ያህል ደለል ወደ ባሕር እንደሚያወርድ የሚለካ ቡድን ጋበዘኝ። ወንዙ ባይኤልቫ ይባላል፤ ኒ-ኦልሰን ከምትባለው የምርምር መንደር በእግር ይደረስበታል። መንደሯ በ78 ዲግሪ ከ55 ደቂቃ ሰሜን ላይ ናት፤ ከዚያ እስከ ሰሜን ዋልታ የሚቀረው 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድሮ የድንጋይ ከሰል ይወጣባት ነበር። በ1962 እ.ኤ.አ. በደረሰ ፍንዳታ 21 ሠራተኞች ካለቁ በኋላ ማዕድኑ ተዘጋ፤ ዛሬ የልዩ ልዩ አገር ተመራማሪዎች ይሠሩባታል።

የምርምር ፈቃዱን የቡድኑ መሪ ጨረሰው። የሕክምና ምርመራው ግማሽ ቀን ወሰደ። ለሸንገን (በአንድ ቪዛ ለሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ቪዛ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ኢንሹራንስ ያስፈልጋል፤ ገዛሁ። ከድብ ለመከላከል የሚያስፈልገው የተኩስ ሥልጠና እዚያው ይሰጣል።

ቪዛው ግን ሌላ ነገር ነው።

ስቫልባርድ የኖርዌይ ግዛት ነው። ይህን አውቅ ነበር፤ ጉድ የሠራኝም ይኸው እውቀቴ ነው። ማመልከቻው ላይ ስንት ጊዜ ለመግባት እንደምትጠይቁ የሚሞላ ቦታ አለ፤ አንድ፣ ሁለት ወይም ብዙ ጊዜ። ኖርዌይ ገብቼ፣ ኖርዌይ ሠርቼ፣ ከኖርዌይ የምወጣ ሰው ነኝ ብዬ «አንድ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ማመልከቻውን የተቀበለችኝ ሠራተኛ የጉዞ መርሐ ግብሬን ገጽ በገጽ አገላበጠችው፤ ኦስሎ፣ ሎንግየርቢየን (የስቫልባርድ ዋና ከተማ)፣ ኒ-ኦልሰን፣ እንደገና ሎንግየርቢየን፣ እንደገና ኦስሎ። የባንክ ማስረጃዬ ማህተም ደብዝዟል ብላ አንድ ጊዜ መለሰችኝ። ስለ ደሴቱ ግን ትንፍሽ አላለችም።

ቪዛው ወጣ። ፓስፖርቱን ተቀብዬ ስሜንና ቀኑን ብቻ አይቼ ኪሴ ከተትሁት። ሰኔ 13 ቀን፣ ልነሣ 11 ቀን ሲቀረኝ፣ አጎቴ ዘንድ ለስንብት ሄድሁ። ጋሼ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ የተሳፋሪ ሰነድ ሲመረምሩ ኖረው በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ፓስፖርት ካዩ ዓይናቸው አያርፍም። መነጽራቸውን አጥልቀው ተለጣፊውን ወደ መስኮቱ ዘንበል አደረጉትና፣

«አንተ ልጅ፣ መግቢያው አንድ ነው የሚለው።»

«አዎ ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ነው የምገባው።»

«የምትሄድበት ደሴት ሸንገን ውስጥ ነው ውጭ?»

«የኖርዌይ ነው።»

«የማን ነው አላልሁህም። ውስጥ ነው ውጭ?»

መልስ አልነበረኝም። እዚያው ሶፋቸው ላይ ሆኜ በስልኬ ፈለግሁ። ውጭ ነው። ስቫልባርድ የኖርዌይ ግዛት ሆኖ ሳለ ከሸንገን ክልል ውጭ ነው። ከኦስሎ ተነሥታችሁ ወደ ሎንግየርቢየን ስትበሩ የፓስፖርት ቁጥጥር አልፋችሁ ትወጣላችሁ፤ ስትመለሱ እንደ አዲስ ትገባላችሁ። በአንድ መግቢያ የሄደ ሰው መሄድ ይችላል፤ መመለሻ ግን የለውም። የሚያስቀው፣ ደሴቱ ራሱ ቪዛ አይጠይቅም። በ1920 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የስቫልባርድ ውል መነሻነት የየትኛውም አገር ዜጋ ያለ ቪዛ ይኖርበታል። አውሮፓ ውስጥ እኔን ቪዛ የማይጠይቀኝ አንድ ምድር ተገኘና በእሱ ምክንያት ቪዛዬ ጎደለ።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮው በር ላይ ነበርሁ። ያችው ሠራተኛ ነበረች። ሁለት ጊዜ መግቢያ እንደሚያስፈልገኝ ነገርኋት።

«ስቫልባርድ የኖርዌይ አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

«ነው።»

«ታዲያ ሁለት ጊዜ ምን ያደርግልዎታል? አይጨነቁ፣ ይሂዱ።»

ሳልወድ ሳቄ መጣ፤ የራሴን ጥያቄ ነበርና የጠየቀችኝ። አትሜ የወሰድሁትን መመሪያ አሳየኋት። ወስዳው ለሃያ ደቂቃ ያህል ጠፋች። ተመልሳ የተለጠፈ ቪዛ እንደማይስተካከል፣ አዲስ ማመልከቻ፣ አዲስ ክፍያ፣ አዲስ ቀጠሮ እንደሚያስፈልግ ነገረችኝ። በዚህ ላይ አሻራ እንደገና ስጡ ተባልሁ። የመጀመሪያውን ከሰጠሁ ሁለት ወር አልሞላውም፤ በደንቡ አሻራ ለ59 ወራት ያገለግላል። ይህንንም ተናገርሁ። «አሠራራችን ነው» የሚል መልስ አገኘሁ። እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል፤ ግን እውነቱን ልናገርና፣ ያን «አንድ» ላይ ያረፈውን ምልክት ያደረገችው እሷ አይደለችም። እጄ ነው።

የሰኔ 24ቱ በረራዬ አለፈ። ከሎንግየርቢየን ወደ ኒ-ኦልሰን የምትወስደው ትንሽ አውሮፕላን በየቀኑ አትበርም፤ አንድ ቀን የተበላሸበት ሰው ብዙ ቀን ይከስራል። አዲስ አበባ ተቀምጬ ዝናቡን እየሰማሁ ኢሜይሌን ስጠብቅ፣ ሐምሌ 5 ቀን፣ የጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት፣ ከቡድናችን አንዷ ጻፈችልኝ። እዚያም ዝናብ ጥሏል፤ ሞቃት ዝናብ። በረዶው ላይ ሲዘንብ ወንዙ በአንድ ሌሊት ሞላ፤ የውሃ ናሙና በየሰዓቱ የሚቀዳውን መሣሪያ የማዘጋጀው እኔ ስለነበርሁ መሣሪያው ገና ሣጥን ውስጥ ነበር። እሷ ከሌላ ሥራዋ እየሮጠች በቀን ሁለት ጠርሙስ በእጇ ቀዳች። ደለል የሚያጠና ሰው ያውቀዋል፤ ከዓመቱ ደለል ብዙውን የሚያወርዱት ጥቂት የጎርፍ ቀናት ናቸው። አባይም እንዲያ ነው፣ ባይኤልቫም እንዲያ ነው። የእኔ ሰንጠረዥ ላይ ያ ሳምንት በአሥራ አራት ነጥብ ብቻ ቆሟል። በየሰዓቱ ቢቀዳ 168 ይሆን ነበር።

ሁለተኛው ቪዛ ሐምሌ 8 ቀን ወጣ፤ ሐምሌ 12 ቀን ደረስሁ።

ስለ ቦታው ጥቂት ልበል። በአማርኛ ከሰማይ ወርዶ ቆርቆሮ የሚደበድበውም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለውም፣ ተራራ የሚያህለውም በረዶ ነው፤ እዚያ ስትቆሙ ቃሉ ያንሳችኋል። ወንዙን ግን ሳየው አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ከነጭ በረዶ ሥር የሚወጣው ውሃ ቀይ ቡናማ፣ ድፍርስ፣ የሐምሌ አባይ ነው። በማጣሪያ ወረቀት ስናጣራው ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ደለል እንደ ደቃቅ በርበሬ ቀልቶ ይተኛል፤ በ105 ዲግሪ አድርቀን እንመዝነዋለን። አንድ ሰው ሲቀዳ አንድ ሰው ጠብመንጃ ይዞ ድብ ይጠብቃል። ያነገቱኝን አሮጌ ሞዘር አያቴ ቢያዩት ስንት ጥማድ በሬ ያወጣል ብለው ይጠይቁ ነበር። ድብ አላየሁም። ያሠቃየኝ ጎጆዋ አጠገብ ባለፍሁ ቁጥር አናቴን የምትነድፍ አንዲት ትንሽ ነጭ ወፍ ናት፤ ዱላ ከራሳችሁ በላይ ከፍ አድርጋችሁ ሂዱ፣ እሱን ትመታለች።

በሞባይል እንደ ልብ መደወል ደግሞ የለም። መንደሯ አጠገብ ከሩቅ ሰማይ የሚመጣ ደካማ የሬዲዮ ሞገድ የሚቀበል ጣቢያ ስላለ በ20 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ዋይፋይና ብሉቱዝ ክልክል ነው። ለእናቴ አስቀድሜ አለመንገሬ ሌላው ጥፋቴ ነው፤ ሦስት ቀን ድምፄን ስታጣ ዘመድ ሰብስባ ነበር።

ምክር ከተባለ ይኸው። ቪዛ በአሥራ አምስት ቀን ይወጣል የሚለውን አትመኑ፤ ደንቡ ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ማመልከት ስለሚፈቅድ ሦስት ወር ሲቀራችሁ ግቡ። ማመልከቻው ላይ ሁለት ጊዜ ወይም ብዙ ጊዜ የሚለውን ምረጡ፤ ጋባዣችሁም ደብዳቤው ላይ ስቫልባርድ ከሸንገን ውጭ መሆኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። «ኖርዌይ» ብቻ የሚል ደብዳቤ ይዛችሁ አትሂዱ፤ የእኔ እንዲያ ነበር የሚለው። ፓስፖርቱን ስትቀበሉ ከመስኮቱ ሳትርቁ ቁጥሯን አንብቡ፤ ከኋላ የተሰለፈው ቢያጉረመርም ያጉረምርም። የዕቃ ዝርዝሩ ላይ ያለውን ውድ የተራራ ጫማ ተዉት፤ ሥራው ጭቃና ውሃ ውስጥ ነው፣ ረጅም የጎማ ቦቲና ሁለት የሱፍ ካልሲ ይበልጣል። ቤት ውስጥ ጫማ ስለሚወለቅ ካልሲያችሁ የተቀደደ አይሁን። ሽሮ ያዙ። ከነሐሴ 1 ጀምሮ ፍልሰታን ስጾም ከአሳና ከሥጋ መካከል ያተረፈኝ እሱ ነው።

ነሐሴ 9 ቀን ተመለስሁ። አሥራ አንድ ወረቀት ያለው ማኅደር በብብቴ ይዤ ነበር፤ የጋባዡ ደብዳቤ፣ የመመሪያው ቅጂ፣ የሁለቱም ማመልከቻ ደረሰኝ። ኦስሎ የፓስፖርት ቁጥጥር ላይ ሁለት መቶ ጊዜ የተለማመድሁትን መልስ በአፌ ይዤ ቀረብሁ። መኮንኑ ፓስፖርቴን ገለጠ፤ ማህተሙን አሳረፈ፤ መለሰልኝ። ምንም አልጠየቀኝም። ከኋላዬ የነበረው ሰው ቀስ ብሎ በትከሻዬ በኩል አለፈና ቦታዬን ያዘ፤ እኔ ማኅደሬን ታቅፌ ቆሜ ነበር።