የሳይበር ደህንነትን ከአይቲ ዲግሪዬ ውስጥ እንዴት አገኘሁት

እዚህ ደብረ ብርሃን ያሉ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለ፤ «ሳይበር ደህንነት ለመማር የትምህርት ክፍሌን ልቀይር?» አትቀይሩ እላለሁ። እኔ ወደ ሙያው የገባሁት የአራት ዓመቱን ደብተር እንደገና ገልጬ ነው።

ክፍል ውስጥ ኔትወርክ እንዴት እንደሚሠራ ተምረናል። ከምረቃ በኋላ ግን ያንኑ ምዕራፍ «ይህ በየት በኩል ይጠቃል?» እያልኩ አነበብኩት። ቨርቹዋል ቦክስ የተባለውን፣ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌሎች ምናባዊ ኮምፒውተሮችን የሚፈጥር ፕሮግራም ጭኜ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ሁለት የሊኑክስ ማሽኖች አዘጋጀሁ። ኢንተርኔት ስለማይፈልግ መስመር ቢቋረጥም ልምምዱ አይቆምም፤ የከተማችን ብርድ ደግሞ ማታ ማታ ከቤት አያስወጣም።

ነገሩ በደንብ የገባኝ በቴልኔት፣ ማለትም ከሩቅ ሆኖ ሌላ ኮምፒውተር ለማዘዝ በሚያገለግል የቆየ ዘዴ ነው። ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው እየገባሁ፣ በመስመሩ የሚያልፈውን መረጃ በሚያሳየው ዋየርሻርክ በተባለ ፕሮግራም ተመለከትኩ። የተጠቃሚው ስም ፊደላት ሁለት ሁለት ጊዜ ይታያሉ፤ ሰርቨሩ፣ ማለትም የምገባበት ማሽን፣ የደረሰውን ፊደል መልሶ ስለሚልክ ነው። የይለፍ ቃሉን ግን አይመልስም፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ፊደል በፊደል፣ በግልጽ ይነበባል። ያንኑ ለተመሳሳይ ሥራ በሚያገለግለውና ደህንነቱ በተጠበቀው ኤስኤስኤች ስደግመው ከመጀመሪያው ትውውቅ በኋላ ያለው ሁሉ ተመስጥሯል። የቴልኔት ፖርት (የአገልግሎቱ መለያ የበር ቁጥር) 23 እና የኤስኤስኤች ፖርት 22 ለፈተና የሸመደድኳቸው ቁጥሮች ነበሩ፤ ልዩነታቸውን በዓይኔ ያየሁት ያን ምሽት ነው።

ዳታቤዝም እንዲሁ ነው። በመግቢያ ቅጽ ላይ የተጻፈች አንዲት ነጠላ የጥቅስ ምልክት እንዴት በር እንደምትከፍት የሚገባው፣ የኤስኪውኤል (የዳታቤዝ ማዘዣ ቋንቋ) ትእዛዝ እንዴት እንደሚዋቀር ለሚያውቅ ሰው ነው። መከላከያውም ከዚያው ይመነጫል፤ ተጠቃሚው የጻፈውን ከትእዛዙ ጋር ሳይቀላቅሉ ለብቻው ማሳለፍ። ይህን መሠረት የዘለለ ሰው የጥቃት መሞከሪያ ፕሮግራም ቢያስነሳ እንኳ የወጣውን ውጤት አንብቦ መተርጎም ይቸግረዋል።

ከደብተሬ ያላገኘሁት ሰውን ነው። ደውሎ የሞባይል ባንክ የምስጢር ቁጥር የሚጠይቅን አጭበርባሪ ፋየርዎል (ያልተፈቀደ የኔትወርክ ግንኙነትን የሚያግድ መከላከያ) አያስቆመውም። ገበያ ላይ ለምትውል እናት በሚገባት ቋንቋ ማስረዳት ከሙያው ግማሽ ያህሉ ይመስለኛል፤ የሚያስተምረው ግን ጥቂት ነው።

ሕጉንም ቀድማችሁ አንብቡ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሆን ብሎ ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው የኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን ብቻውን ወንጀል አድርጎታል፤ ምንም ባይሰረቅ፣ ምንም ባይበላሽ እንኳ። ልምምዳችሁ በራሳችሁ ማሽን ላይ፣ አለዚያም ባለቤቱ በጽሑፍ በፈቀደላችሁ ላይ ብቻ ይሁን።