ከሆኖሉሉ ሂሎ በ39 ደቂቃ

ጥር ላይ ነው። ከሆኖሉሉ ወደ ሂሎ የጠዋት በረራ ያዝኩ። ሁለቱም የሃዋይ ከተሞች ናቸው፤ ግን ሆኖሉሉ ያለችው ኦዋሁ ደሴት ላይ ነው፣ ሂሎ ደግሞ ሁሉም «ትልቋ ደሴት» በሚላት ላይ። በአየር 348 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ከመብረር ብዙም አይለይም።

ከመሳፈሬ በፊት ሒሳብ ሠርቼ ነበር። ጄት በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ቢበር 26 ደቂቃ ይበቃዋል። ቲኬቱ ግን ወደ 50 ደቂቃ ይላል። ለካ ቲኬቱ ላይ ያለው ሰዓት የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት መንቀሳቀስ ሲጀምር ነው። እስከ ማኮብኮቢያው መጓዝ አለ፤ ተራ መጠበቅ አለ። ከተነሳም በኋላ ሲወጣና ሲወርድ በሙሉ ፍጥነቱ አይበርም። በእንዲህ ያለ አጭር መንገድ ላይ ደግሞ አብዛኛው ጉዞ መውጣትና መውረድ ነው። ጎማው መሬት ከለቀቀበት እስከ ነካበት በሰዓቴ ያዝኩት፤ 39 ደቂቃ። አስተናጋጆቹ የብርቱካን፣ የዘይቱንና የፓሽን ፍሩት ጭማቂ አድለው ወዲያው ኩባያ ይሰበስባሉ።

አጠገቤ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል። ልጅ እግሯ አስተናጋጅ «አንቲ» አለቻቸው። እዚያ የማያውቁትንም ትልቅ ሴት እንዲህ ነው የሚጠሩት፣ እኛ «እትዬ» እንደምንለው። ሆኖሉሉ ሆስፒታል ቀጠሮ ነበራቸው። ስፔሻሊስት ሲያስፈልግ ከሌሎቹ ደሴቶች ብዙ ሰው ወደዚያ ይመጣል። ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው አውሮፕላን ቢያመልጠው አውቶቡስ ይይዛል። በሆኖሉሉና በሂሎ መካከል ግን መደበኛ የመንገደኛ መርከብ እንኳን የለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ከሆኖሉሉ ወደ ማዊ ደሴት መኪና ጭምር የሚጭን መርከብ ጀምሮ ነበር፤ በአካባቢ ጥበቃ ክርክር ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2009 ቆመ። ለእሳቸው አውሮፕላን ማለት ታክሲ ነው። ይህን ስሰማ የቲኬት ዋጋ ነገር ከልቤ አሳሰበኝ። ሕመምተኛ ሰው ሌላ ምርጫ የለውም።

«በቀኝ በኩል እይ» አሉኝ። ከደመናው በላይ ማውና ኬያ ብቅ ብሏል፤ አናቱ ላይ በረዶ አለ። 4,207 ሜትር ነው፣ ከራስ ዳሸን ያንሳል። ግን ሥሩ ያለው ከውሃው በታች፣ በባሕሩ ታችኛው መሬት ላይ ነው፤ ከዚያ ከተለካ ከ9,000 ሜትር በላይ ይሆናል። ስሙም «ነጭ ተራራ» ማለት ነው። መስኮቱ ላይ ተለጥፌ ቀረሁ።

ሂሎ ስናርፍ ዝናብ ነው። ከተማዋ በዓመት ከ3,000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች፤ ጃንጥላ የያዘ ግን ብዙም አላየሁም። የአሮጊቷን ቦርሳ ተሸክሜ እስከ መውጫው አደረስኳቸው። የልጅ ልጃቸው መኪና ይዞ ቆሟል። ለአንድ ቀጠሮ ደርሶ መልስ ወደ 700 ኪሎ ሜትር። የሚቀጥለው ማክሰኞ ነው አሉኝ።