ለመኮንንነት ሥልጠና ክብደት ማስተካከል፦ የ12 ሳምንት ማስታወሻ ከጅማ

የምልመላ ማስታወቂያ ከተለጠፈ በኋላ ክብደት መቀነስ የሚጀምር ሰው አርፍዷል። ጤናን ሳይጎዳ የሚቀነሰው በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ነው፤ ከማስታወቂያ እስከ ልኬት ያለው ጊዜ ለዚያ አይበቃም። ይህ ማስታወሻ እንግዲህ ቀድመው ለሚነሱ ነው።

የመግቢያውን የክብደት ወሰን ከዙሩ የምልመላ ማስታወቂያ ላይ ውሰዱ። እስከዚያው የሚያገለግለው መለኪያ ቢ ኤም አይ ነው፦ ክብደት በኪሎ፣ ቁመት በሜትር በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ይካፈላል። ከ18.5 እስከ 25 ጤናማ ይባላል። ቁመቱ 1.72 ለሆነ ሰው ከ55 እስከ 74 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ቁመትን ጫማ አውልቃችሁ፣ ተረከዝና ጀርባ ግድግዳ አስደግፋችሁ አስለኩ። የ2 ሴንቲ ሜትር ስህተት የላይኛውን ወሰን 1.7 ኪሎ ያህል ያዛባል፤ ይህም የሦስት ሳምንት ልፋት ነው።

ሚዛንም እንዲሁ። ሕርማታ መርካቶ አካባቢ መንገድ ዳር የሚቀመጥ ሚዛን ኮብልስቶን ላይ ከሆነ አንዱ እግሩ ይንጠለጠላል፤ በወጣችሁ ቁጥር ሌላ ቁጥር ይሰጣል። ጠፍጣፋ ሲሚንቶ ላይ አስቀምጡት። መጀመሪያ ባዶ እጃችሁን፣ ቀጥሎ ባለ 2 ሊትር የታሸገ ውሃ ስድስቱን እስር ይዛችሁ ውጡ፤ ልዩነቱ 12 ኪሎ ከትንሽ ግራም ካልሆነ ያንን ሚዛን ተዉት። ሁልጊዜ በአንድ ሚዛን፣ ጠዋት ሽንት ቤት ደርሳችሁ፣ ቁርስ ሳትበሉ ተመዘኑ። ክብደት በቀን ውስጥ አንድና ሁለት ኪሎ ስለሚዋዥቅ የሳምንቱን አማካይ እንጂ የአንድ ቀን ቁጥር አትመኑ።

ከ79 ኪሎ ወደ 73 ለሚወርድ ሰው አካሄዱ ብዙ ጊዜ ይህን ይመስላል። በመጀመሪያው ሳምንት እስከ 2 ኪሎ ይወርዳል፤ አብዛኛው ውሃ ነው፣ አያስደስታችሁ። ሦስተኛውና አራተኛው ሳምንት ላይ ቁጥሩ ይቆማል። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚተወው ወይም እራት እስከ መዝለል የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም አያስፈልግም፤ በቀን ወደ 500 ካሎሪ የሚያጎድል አመጋገብ ከተጠበቀ ሚዛኑ ተመልሶ ይወርዳል።

500 ካሎሪ ከየት ይገኛል? እንጀራን ከመክሰስ በፊት ስኳርንና ዘይትን እዩ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ በየሲኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር፣ በቀን ሁለት ጊዜ ከተጠጣ 12 ማንኪያ ነው፤ ወደ 190 ካሎሪ። ቡናውን አትተዉ፣ በጤና አዳም ጠጡት። ወጥ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው፤ ከድርሻችሁ ሁለቱን ቀንሱ። የቀረው ከማታው እንጀራ ግማሹን በመተው ይሞላል። ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ግን አይቀነሱ፤ ፕሮቲን ሲጎድል ጡንቻ አብሮ ይሄዳል፣ ፑሽ አፑ ላይም ያስታውቃል።

ጫትን በግልጽ እንናገር። ምግብ ስለሚዘጋ ክብደት ለመቀነስ የሚቅሙ አሉ። እንቅልፍ ይነሳል፣ የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፣ የጤና ምርመራው ላይ ግፊቱም ይለካል። አብሮት የሚጠጣው 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ደግሞ ስምንት ማንኪያ ያህል ስኳር ይይዛል።

ሩጫ፦ ክብደታቸው ገና ያልወረደ ሰዎች ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን ዳገት ከመጀመሪያው ቀን መሮጥ የለባቸውም። ቁልቁለቱ ቅልጥምን ያሳምማል። አራት ሳምንት ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ከዚያ ሜዳ ላይ ሩጫ፣ ዳገቱ ከስምንተኛው ሳምንት በኋላ። ክረምት ላይ ጭቃው ሲበረታ ገመድ ዝላይ ይተካዋል።

ከወሰኑ በታች ለሆኑት ጅማ የታደለች ናት፤ አቮካዶና ሙዝ በየጉሊቱ አለ። ከሦስቱ ምግብ በተጨማሪ በቀን አንድ አቮካዶ፣ 50 ግራም ኦቾሎኒና አንድ ብርጭቆ በሶ ጨምሩ። በልኬት ዋዜማ በውሃ ሆድን መሙላት ግን አያዛልቅም።

በላስቲክ ተጠቅልሎ ማላብ፣ ውሃ መተው፣ የሚያሸና ኪኒን መዋጥ፦ ሦስቱንም ራቁ። የ75 ኪሎ ሰው 1.5 ኪሎ ውሃ ካጣ የሩጫ ሰዓቱ ይበላሻል፤ የሩጫ ፈተናው በዚያው ሰሞን ከሆነ ክብደቱን አልፎ እዚያ ይወድቃል። በልኬት ቀን ቀላል ቁምጣና ካናቴራ ልበሱ፤ ጂንስ፣ ቀበቶና ስልክ አንድ ላይ ከአንድ ኪሎ ሊያልፉ ይችላሉ።