የተወጠረችው ቱቦ

ያኔ ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ባለ ጋራዥ ረዳት መካኒክ ነበርኩ። ያቺ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 109 ኢንች የምትረዝም ላንድሮቨር ስትመጣ የጋራዡ ሰው ሁሉ ወደዳት። ሞተሯ 2.25 ሊትር ቤንዚን፣ ፍሬኗ አራቱም ጎማ ላይ ታምቡር ነው። አካሏ አልሙኒየም ስለሆነ ዝገት የሚበላው ሻንሲዋን ነው፤ የኋላውን አግዳሚ ቆርጠን፣ አዲስ ብረት በይደን መለስነው። ባለቤቱ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ አብሮን ይቦርሽ ነበር። የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ከፍ እንድትልለት፣ ጭቃና ቦይ እንዳይዛት።

ጎበጥ ያለ ባሌስትራ ከሱማሌ ተራ ገዛን፣ የባሌስትራውንም መንጠልጠያ አስረዘምን። ስምንት ሳንቲ ሜትር ያህል ተነሳች። ከስር ገብቼ ቡሎን ሳጠብቅ ከሻንሲው ወደ ኋላ ዲፈረንሻል የምትወርደውን የፍሬን ጎማ ቱቦ አየኋት። ድሮ ጎበጥ ብላ የምትንጠለጠለው አሁን ቀጥ ብላለች።

«ጋሼ፣ ይቺ ቱቦ አጠረች እኮ» አልኳቸው።

አለቃዬ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ሰደው ነቀነቋት። «ይኸው ትወዛወዛለች። ምን ሆነች?»

«ጎማው ተንጠልጥሎ ወደ ታች ሲስባትስ?»

«አንተ ልጅ፣ መኪና የሚሄደው በአየር ነው?»

ሌሎቹ ሳቁ። እኔም ዝም አልኩ። መኪናዋ በአራት እግሯ ቆማ ሳለ ቱቦዋ እውነትም ትወዛወዝ ነበር። ክሪክ አምጥቼ ሻንሲውን ማንሳት፣ ጎማውን አንጠልጥዬ ማሳየት እችል ነበር፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው። የዚያች ዓይነት መኪና ፍሬን አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው፤ አንዷ ቱቦ ከተበጠሰች አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።

እሁድ ለሙከራ ባለቤቱና እኔ በሽሮ ሜዳ አድርገን እንጦጦ ወጣን። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ከአስፋልቱ ወጥተን ባህር ዛፉ ውስጥ ገባን፤ ባለ ቀይ እጀታውን ማርሽ ወደ ኋላ ስቦ ከባዱ ማርሽ ውስጥ አስገባ፤ ያኔ የፊትና የኋላ ጎማ ይያያዛል። መኪናዋ ልብ ታሞቃለች! ጎርፍ የቆረጠው ቦይ ላይ ስንደርስ ሰያፍ ገባንበት፤ የኋላ ግራ ጎማ አየር ላይ ተንጠለጠለ። ከወለሉ ስር አንዲት «ጧ» የምትል ድምፅ ሰማሁ። ምን እንደሆነች ወዲያው አወቅኋት።

ከቦዩ ወጥተን ወደ ታች ስናዘቀዝቅ ፍሬን ረገጠ፤ እግሩ ወለሉ ድረስ ወረደ። ዞር ብሎ አየኝ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«የእጅ ፍሬን! ቀስ አድርገህ ሳበው!» ብዬ ጮህኩ።

የዚያች ዓይነት ላንድሮቨር የእጅ ፍሬን ጎማ አይይዝም፤ ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ ነው የሚይዘው፤ ከፍሬን ዘይቱ ጋር ግንኙነት የለውም። አራቱም ጎማ ተያይዞ ስለነበር አራቱም ያዘ። ጭቃው ላይ ተንሸራተን አንድ ባህር ዛፍ አጠገብ ቆምን። ወርጄ ከስር ስገባ ቱቦዋ ከአንገቷ ተበጥሳ የፍሬን ዘይቱ ዲፈረንሻሉ ላይ ይንጠባጠባል። የቱቦዋ ጎማ ገና ጥቁር፣ ለስላሳ፤ ስንጥቅ የሚባል የላትም።

እስከ ሽሮ ሜዳ በከባዱ አንደኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እየያዘን፣ በሰው እርምጃ ወረድን። አስፋልቱ ላይ ፊትና ኋላው ስለሚታገል መሪው ድንጋይ ሆኖበታል። አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ከዚያ በኋላ ጎታች መኪና ጠራን።

ሰኞ ጠዋት አለቃዬ ለባለቤቱ «የድሮ ጎማ ነው፣ አርጅቶ ነው» አሉት። የተበጠሰችው ቱቦ እኔ እጅ ላይ ነበረች። ባለቤቱ አመስግኖ ሒሳቡን ከፈለ። እኔን ቀና ብለውም አላዩኝ።

እሱ ከሄደ በኋላ ግን ብር ቆጥረው ሰጡኝ። «ሱማሌ ተራ ሂድ፤ ረዘም ያለች ፈልግ።»

«ስንት ሳንቲ ሜትር ትርዘም ጋሼ?»

«መጀመሪያ ክሪክ ላይ አውጣት» አሉኝ፤ «ጎማው ተንጠልጥሎ ለካ።»